መጨረሻ የሚጠጣው የውሃ አባት

ተረት ተረት!

ምን ዝም ብላችሁ ታዩኛላችሁ? “የውሃ መሠረት!” በሉ እንጂ። በእኔ ቤት “የላም በረት” የለም፤ ላሜን አምና ሸጫታለሁ። እንደገና። ተረት ተረት!

“የውሃ መሠረት!”

እሰይ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ላይ ተነስ፣ ብርሃን ከለከልከኝ። ይህ ተረት ግራ ያጋባል፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። እኔም በልጅነቴ ስሰማው ግራ ገብቶኝ ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። በአራተኛው አያቴ በኩርኩም አባረሩኝ። ስለዚህ የገባው ይስማ፣ ያልገባው ደግሞ እስኪገባው ዝም ብሎ ይስማ።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ለውሃ እንኳ “እንደምን አደርሽ” በሚልበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ቀጨሞ የሚባል አገር ነበር። በአገሩ አርባ ቤት ነበረ። ለአርባው ቤት አንዲት ምንጭ ነበረች። ምንጯ በግድብ ትጠለፋለች፤ ከግድቧ አንድ ቦይ ይወጣል። ቦዩ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ባሰው ታች እየዞረ ይወርዳል። ክረምቱ የእግዜር ነው፤ በጋው ግን የቦዩ ነው። ቦዩ ካልደረሰ የበጋ ገብስ የለም። የበጋ ገብስ ከሌለ እስከ መስከረም የሚበላ የለም። የሚበላ ከሌለ አገርም የለም። ገባችሁ? ይህ ገና ቀላሉ ነው።

ቀጨሞዎች በየዓመቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመርጡና “የውሃ አባት” ይሉታል። ቦይ የሚያስጠርገው፣ ውሃ የሚያከፋፍለው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። ታዲያ አንድ የአባት ሕግ ነበራቸው። የውሃ አባት መጨረሻ ይጠጣል። አርባው ቤት በስምንት ቀን ተራ በተራ ያጠጣል፤ የውሃ አባት ማሳ በስምንተኛው ቀን፣ ከሁሉም በኋላ ነው።

“ለምን?” ትላለህ አንተ ደግሞ። አትቸኩል። የቸኮለ ሰው ታሪክ እየመጣልህ ነው።

በዚያን ጊዜ የውሃ አባቱ አንዳርጌ የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ነበር። ማሳው ሰፊ ነው፤ ግን ከቦዩ ጫፍ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን መረጡት። ለምን እንደሚመርጡት ቢጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ቦይ ሲጠረግ ከፊት ሆኖ የሚዘፍነው ላቀው የሚባል ጎበዝ ነው። በትር ይዞ “የእገሌ ተራ ደረሰ!” እያለ የሚጣራው አድማሱ ነው። አንዳርጌስ? አንዳርጌ ከኋላ ነው። ሌላው የዘለለውን ጭቃ ያወጣል። “ኧረ ደግ ሠራህ፣ አያ አንዳርጌ” የሚለው ሰው ሲገኝ፣ “እናንተ ናችሁ እንጂ” ይላል። ሰዉም እውነት መሰለው።

ይታክቱ የምትባል ሚስት ነበረችው። ምላሷ በርበሬ ነው።

“አንተ ሰውዬ፣ ያገሩን ማሳ አጠጥተህ የኔ ጎመን ይጠውልግ?” ትለዋለች።

“ነገ ተራችን ነው።”

“ያንተ ነገ መቼም አያልቅ!”

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ፣ ግራዝማች ቸኮል የሚባል አዲስ ገዥ ተሾመ። ስሙም ቸኮል፣ ሥራውም ችኮላ። በሌላው አገር ሰው ለውሃ ብሎ በዶማ ይፈላለጣል፤ ግራዝማች ከጧት እስከ ማታ የውሃ ጠብ ሲዳኝ ይውላል። በቀጨሞ ግን አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ራስ አልተፈነከተም። “እንዴት ነገሩ?” አለ ግራዝማች። “እዚያ አገር አንድ ብርቱ አለቃ ቢኖር ነው። ልሂድና ካባ ላልብሰው።” ቀይ ካባ አስያዘና በታኅሣሥ በበቅሎ መጣ።

ሲደርስ ቦይ እየተጠረገ ነው። ላቀው ከፊት ሆኖ ያወርደዋል፦

“እሆ በል ዶማዬ፣ እሆ በል ክንዴ፣
ውሃው የደረሰ ’ለት ይጠግባል ሆዴ!”

ሠላሳ ሰው “እሆ!” እያለ ይቆፍራል።

“አለቃው አንተ ነህ?” አለ ግራዝማች።

“ኧረ እኔስ አውራጅ ነኝ፣ ጌታዬ። ዘፈን ነው የማወጣ።”

“አለቃችሁስ?”

“ከኋላ ነው።”

ግራዝማች ወደ ኋላ ሄደ። አድማሱ በትሩን ይዞ ቆሟል።

“አለቃው አንተ ነህ?”

“ኧረ እኔስ ተራ ጠሪ ነኝ፣ ጌታዬ።”

“አለቃችሁስ?”

“ከኋላ ነው።”

ግራዝማች አሁንም ወደ ኋላ ሄደ። አንድ ሽማግሌ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የበሰበሰ ቅጠል በእጁ ይዝቃል። ከእሱ ኋላ ማንም የለም። ግራዝማች ሽማግሌውን አየ፣ ተራራውን አየ፣ ደግሞ ሽማግሌውን አየ። ጭራሽ ዞረበት።

“ከኋላ ከኋላ ይሉኛል፤ ከኋላ ያለው አንድ ጭቃ ዛቂ ነው። ይቀልዱብኛል እንዴ?” አለ።

ይህን ጊዜ ጓንጉል የሚባል ሰው ከላይ እየሮጠ መጣ። የጓንጉል ማሳ ትንሽ ናት፤ ግን ከግድቧ ሥር፣ ከሁሉም መጀመሪያ ናት። ቦዩ እያዠ ስለሚያርሳት ተራዋ ደረሰም አልደረሰም ሁልጊዜ ለምለም ናት። ጓንጉል እጅ ነሣ።

“ጌታዬ የሚፈልጉት እኔን ነው” አለ።

“ምን ምልክት አለህ?”

“ማሳዬን ይዩ! ለራሱ ያልሆነ ለሰው ይሆናል?”

“ይህ ነው ንግግር!” አለ ግራዝማች። ካባውን አወጣና በጓንጉል ትከሻ ላይ ደረበው። “ከዛሬ ጀምሮ የውሃ አባት አንተ ነህ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ተመልሼ አያለሁ።”

ላቀው አፉን ከፈተ። ግራዝማችን ተከትለው የመጡትን አሽከሮች አለንጋ አየና ዘጋው።

ግራዝማች ሲመለስ በቦዩ ጫፍ በኩል አለፈ፤ ሕዝቡም ሊሸኘው ተከተለ። አንድ ሰፊ ማሳ አየ፤ ገብሱ ጠውልጓል፣ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰባተኛው ቀን ነበራ!

“ይህ የማነው?”

“የኔ ነው ጌታዬ” አለ አንዳርጌ ጭቃውን እየጠረገ።

“ለምን ደረቀ?”

“ተራዬ ነገ ነው። ሕጋችን…”

“ዝም በል! ሰነፍ ሁልጊዜ ተራው ነገ ነው።” ወደ ሕዝቡ ዞረ። “ስሙ! ለኪዳነ ምሕረት ስመለስ ማሳው ደርቆ ያገኘሁት ሰው መሬቱን ይነጠቃል። መሬቱም ማሳው ከሁሉ ለለመለመለት ይሰጣል። ብያለሁ!” በቅሎውን ኮለኮለና ሄደ።

አርባው ቤት ግራ ተጋባ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ “ቆይ ግን፣ አያ አንዳርጌ እውነት ምን ይሠራል?” አለ።

“ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነኝ” አለ ላቀው።

“ተራውን የምጠራው እኔ ነኝ” አለ አድማሱ።

“የምንቆፍረው እኛ ነን” አሉ ሌሎቹ።

“ታዲያ እሱስ?”

ሁሉም ተያዩ። ማንም አላወቀም። እንግዲህ የቀጨሞዎች ጥፋት ይህች ናት። የሠራላቸውን ሰው ሲሠራ ስላላዩት፣ አልሠራም ብለው አሰቡ። እኔም አልዋሻችሁም፣ ያኔ በልጅነቴ ስሰማው ሐሳቤ ከግራዝማቹ ጋር ነበር። ማሳው የደረቀ ሰው ምን አለቃ ነው? ብዬ ነበር።

አንዳርጌ ቤቱ ገባ። ይታክቱ ጠበቀችው።

“ምነው አፍህ ተለጎመ? የአባትህ መሬት ሊሄድ ነው እኮ! አባትህ ያረሰው፣ አያትህ የመነጠረው!”

አንዳርጌ ወጥቶ ከማሳው ዳር ተቀመጠ። አፈሩን በመዳፉ ዘገነና አየው። ፈራ። አዎ፣ ፈራ፤ እንባውም መጣ። ደግ ሰው አይፈራም ያላችሁ ማነው? መሬት የሌለው ሽማግሌ በሰው ደጅ የሚቆም ለማኝ ነው፤ ይህን ያውቃል።

ጓንጉል በበኩሉ ካባውን እንደደረበ ሥራ ጀመረ። በርጩማ አስመጣና ከግድቧ አጠገብ ተቀመጠ። አንደኛ፣ “የውሃ አባት ከእንግዲህ መጀመሪያ ይጠጣል” አለ። ሁለተኛ፣ ማሳውን ሁለት ቀን ሙሉ አጠጣ። ሦስተኛ፣ አንዳርጌን አስጠራው።

“አንተ ሰውዬ፣ ዶማህን ይዘህ ቦዬ ላይ እንዳላይህ! እዚህ አለቃ እኔ ነኝ።”

“ደግ” አለ አንዳርጌ።

አንድ ሳምንት ሄደ። ውሃው እስከ ሠላሳኛው ቤት ደረሰ፣ ቆመ። ሁለተኛ ሳምንት ሄደ። ውሃው እስከ ሃያኛው ቤት ደረሰ፣ ቆመ። ሦስተኛ ሳምንት ሄደ። ውሃው አሥረኛው ቤት ላይ ቀረ። ሰው በተራ ይጣላ ጀመር፤ አንዱ የሌላውን ራስ በዶማ እጀታ ፈነከተው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልታየ ደም በቦዩ ዳር ታየ። ሽማግሌዎች ሁሉን ሰበሰቡ።

“ምን ጎደለ?” አሉ።

“ምንም አልጎደለም!” አለ ሕዝቡ።

“ዘፋኙ አለ?”

“አለ!”

“ተራ ጠሪው አለ?”

“አለ!”

“ቦዩ አለ?”

“አለ!”

“ታዲያ ውሃው የት ገባ?”

አንዱ፣ “ምንጯ ተቀይማ ይሆናል” አለ። አንዱ፣ “ዛር ጠጥቶት ይሆናል” አለ። አንዱማ ጆሮውን ቦዩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ሁሉ ነገር አለ፤ ውሃው ብቻ የለም። ኧረ ጉድ! እናንተስ ገባችሁ? አንቺ፣ አትሳቂ፤ የሚስቀው ዓይንሽ ነው እንጂ አንቺም አልገባሽም።

ይታክቱ ግን እየሳቀች ቤቷ ገባች።

“ደግ ሆነላቸው! ይድረቅ! አንዳርጌ ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ያውቃሉ።”

“ይታክቱ፣ እኔን እስኪያውቁ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ?” አላት።

“የኛስ መሬት? ሲሄድ ዝም ብለህ ልታይ?”

አንዳርጌ ነጠላውን አነሳ። “ቦዩን እንዳልነካ ታዝዣለሁ፤ አልነካም። ግን ሰው እግሩ የሚሄደው ወደ ማሳው ነው። የጓንጉል ማሳ ከላይ ስለሆነች ወደ ታች የሚያስኬደው ነገር የለም” አለ። ነጠላውን አጣፋና ወደ ጓንጉል ወጣ።

ጓንጉል በርጩማው ላይ ነው።

“ምን ፈለግህ?”

“መሬቴ ለኪዳነ ምሕረት ያንተ መሆኑ አይቀርም” አለ አንዳርጌ። “እስከዚያ ግን ሰው የማይነካው ጠፍ ሆኖ ይቆይሃል። ለምን ዛሬውኑ አትወስደውም? ያንተን ትንሿን ለኔ ስጠኝ። እንለዋወጥ፤ ግራዝማቹ መጥቶ እስኪፈርድ።”

ጓንጉል በልቡ ለካ። የአንዳርጌ ማሳ ሁለት ጥማድ ነው፤ የሱ ግማሽ ጥማድ አትሞላም። “ይህ ሽማግሌ ጃጅቷል” አለ በሆዱ። ዘሎ ተነሣ። አገሩ በሚሰበሰብበት ሾላ ሥር፣ በሽማግሌዎች ፊት ተማማሉ። ያንዱ ማሳ የሌላው ሆነ። ጓንጉል ደስ ብሎት ካባውን እያወዛወዘ ሲመለስ አድማሱ መንገድ ላይ አገኘው።

“ጓንጉል፣ ግራዝማቹ ምን ነበር ያለው?”

“ማሳው የደረቀ ሰው መሬቱን ይነጠቃል።”

“የደረቀው ማሳ የማነው?”

“የአንዳርጌ ነዋ!”

“ከመሐላው ጀምሮስ የማነው?”

“የ… የኔ።”

“ለምለሙስ ማሳ?”

“የኔ! አይደለም፤ የአንዳርጌ። ቆይ… ቆይ…” ጓንጉል መንገዱ መሐል ቁጭ አለ። በጣቱ መሬት ላይ ጫረ፤ ይህ የኔ፣ ይህ የሱ፤ አጠፋና እንደገና ጫረ። በየትም ቢያዞረው ተነጣቂው ራሱ ነው፣ ተሰጪው አንዳርጌ። ላብ አጠመቀው። “ምን ነካኝ? ምን በላሁ?” አለ። መሐላ ደግሞ አይታጠፍም።

ኪዳነ ምሕረት ሊሆን የቀረው አርባ ቀን ነው።

ጓንጉል ሮጦ ግድቧ ላይ ወጣ። “ሁሉም ማሳውን ይዝጋ! ውሃው በቀጥታ ወደ ጫፉ ይውረድ! ላቀው፣ ዝፈን!” ላቀው ዘፈነ። ድምፁ እስኪሰለል ዘፈነ። ውሃው አልደረሰም።

በማግሥቱ ጓንጉል ዱላ ይዞ መጣ። “ማነው ውሃዬን የሚሰርቅ?” አድማሱን ከኋላ አቆመው፣ ራሱ ከፊት ቆመ። በየማሳው ገባ። ሁሉም ዘግቷል፤ የሰረቀ የለም። ውሃው ግን አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን ጓንጉል ጮኾም ተማትቶም ሰለቸው። ከቦዩ ጫፍ፣ ከቢጫው ገብስ አጠገብ ተቀምጦ ውሃ ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። አንዲት ጠብታ አልመጣችም። ተነሥቶ ወደ አንዳርጌ ሄደ። ካባው አቧራ ለብሷል።

“አያ አንዳርጌ፣ ግራ ገባኝ” አለ። “ዘፋኙ ያው ነው፣ ተራ ጠሪው ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው። ምን ትሠራ ነበር አንተ?”

“ምንም።”

“ምንም እንዴት ተደርጎ ይሠራል? አሳየኝ በእናትህ!”

“ቦዩን እንዳልነካ ከልክለኸኛል።”

“ኧረ ንካ! ንካልኝ!”

“አልነካም” አለ አንዳርጌ። “አንተ ትነካለህ፣ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። ና።”

ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ቦዩን ተከትለው ሄዱ። አንዳርጌ በጣቱ አሳየው። ፍልፈል አዲስ አፈር አውጥታለች፤ ከሥሯ ውሃው ይሰምጣል። ጓንጉል ተንበርክኮ በጭቃና በሣር ደፈነው። አሥር እርምጃ ሄዱ፤ ሌላ ቀዳዳ። ደፈነው። ሌላ። ደፈነው። እስከ ረፋድ ድረስ ሃያ ሰባት ቀዳዳ ደፈነ። ወገቡ ተቆረጠ።

“ይህን በየቀኑ?”

“በየቀኑ። ፍልፈል በዓል አታውቅም።”

የላቀው ቤት ደረሱ። አንዳርጌ ዝግ ብሎ፣ “የላቀው ሚስት አራስ ናት። ልጁ ያለቅሳል፤ ላቀው እንቅልፍ የለውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዘፈኑ ይጎተታል፣ ዘፈኑ ከተጎተተ ዶማውም ይጎተታል። ያኔ የቁፋሮ ድርሻውን እኔ ቆፍሬለት አርፎ ይመጣ ነበር” አለ።

“እሱ ያውቃል?”

“ድርሻዬ ቀላል ነች ብሎ ያስባል።”

ከመታጠፊያው ደረሱ። “አድማሱ ዓይኑ ደክሟል፣ ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። ውሃው ሲደርስ አያየውም። እኔ እዚህ ቆሜ ዶማዬን ሳነሳ ነው ‘ተራ ደረሰ’ የሚለው። አሁን ዶማ የሚያነሳለት ስለሌለ በግምት ይጠራል። ሰው የተፈናከተው ለዚህ ነው።”

ጓንጉል ወደ እሱ ዞረ። “ይህን ሁሉ ማን ያውቅልሃል?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን ትጠቀማለህ?”

አሁን ግራ የገባው አንዳርጌ ነው። ራሱን አከከ። “ውሃው ይደርሳል እኮ” አለ።

“መጨረሻ መጠጣትህስ?”

“የኔ ማሳ ከጠጣ ከኔ በላይ ያለው ሁሉ ጠጥቷል ማለት ነው። የኔ ከደረቀ አንድ ቦታ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሌላ በምን አውቃለሁ?”

ወደ ላይ ወጥተው ግድቧ ጋ ሲደርሱ ጓንጉል ጮኸ። በርጩማው የነበረበት ቦታ ሥር፣ እሱ ሦስት ሳምንት ተዘፍዝፎ የተቀመጠበት፣ ግድቧ ተሸንቁሯል። ውሃው እየቦረቦረ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። አፈር ቢደፋበት ይጠርገዋል፣ ሣር ቢወትፍበት ይወስደዋል። ግድቧ ከሄደች ቀጨሞም ሄደች! ጓንጉል ግራ ቀኙን አየ። የሚወትፈው ጠፋ። ያን ጊዜ ካባውን ከትከሻው ገፈፈ፤ ጠቀለለና ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው፣ ድንጋይ ጫነበት። ውሃው አንገራገረ፣ ዞረ፣ ወደ ቦዩ ገባ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጓንጉል በየማለዳው ከቦዩ ጋር ነው። መጀመሪያ መጠጣቱንም ራሱ ሻረው። ቀዳዳ ይደፍናል፣ የላቀውን ድርሻ ይቆፍራል፣ ለአድማሱ ዶማ ያነሳል። ሲያጠፋ አንዳርጌ በዓይኑ ብቻ ያየዋል። ውሃው ሃያኛው ቤት ደረሰ። ሠላሳኛው ቤት ደረሰ። በስምንተኛው ቀን ከቦዩ ጫፍ፣ ከቢጫው ገብስ ሥር ገባ። ጓንጉል ውሃው ሲገባ አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። ግራዝማች ቸኮል መጣ። ከላይ እስከ ታች አየ፤ ሁሉም ለምለም። ወደ ጫፉ ወረደ፤ የደረቀውም ማሳ ለምለም!

“ይህን የሠራ ማነው?” አለ።

“እኛ ነን!” አሉ አርባዎቹ።

“ጓንጉል የታለ? ካባ የደረብኩለት?”

አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው ወጣ። “እኔ ነኝ ጌታዬ። ካባው ግድቧ ውስጥ ነው።” ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት ዋሽቶ እንደነበረ ተናገረ፤ የውሃ አባቱ አንዳርጌ እንደነበረ፣ ማሳውም የደረቀው መጨረሻ ስለሚጠጣ እንደነበረ፣ መሬት መለዋወጣቸውንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ግራዝማች ያን ጭቃ ዛቂ ሽማግሌ አየና ፊቱ ቀላ።

“መሬቱ ለባለቤቱ ይመለስ!” አለ። “ውሸታሙ ይገረፍ!”

“ተው ጌታዬ” አለ አንዳርጌ። “ቦዩ አርባ ቀን ገርፎታል።”

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግራዝማችም ተወው። ጓንጉል ግን ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

“መሬቱን ይውሰድ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ ሕዝቡ ከፈቀደ፣ መጨረሻ የምጠጣው እኔ ልሁን።”

“አይሆንም” አለ አንዳርጌ። “መጨረሻ የምጠጣው እኔ ነኝ።”

“አርጅተሃል፤ ለኔ ተወው!”

“ገና ትናንት የለመድክ፤ ለኔ ተወው!”

ግራዝማች ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ቀረ። “ሠላሳ ዓመት በየአገሩ የውሃ ጠብ ዳኝቻለሁ” አለ። “ሁሉም ‘እኔ ልቅደም’ ብሎ ነው የሚጣላ። ‘እኔ ልከተል’ ብሎ የሚጣላ አላየሁም። እንዴት ተብሎ ነው ይህ የሚፈረደው?” ወደ ሽማግሌዎች ዞረ። ወደ ሕዝቡ ዞረ። በመጨረሻ ከሴቶቹ መሐል ይታክቱ ወገቧን ይዛ ወጣች።

“ይህ ምን ፍርድ ያስፈልገዋል? የኔ ባል አሥራ ሁለት ዓመት ተከትሏል። ጓንጉል ይከተል! የኔም ጎመን እንደ ሰው ጎመን አንድ ቀን በጊዜው ይጠጣ!”

አገሩ በሳቅ ፈነዳ። “ይሁን!” አሉ አርባዎቹ፤ ጓንጉል የውሃ አባት ሆነ። አንዳርጌ ሆዬ፣ ሥራ እንደጠፋው ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ማለዳ ጓንጉል ዶማውን ይዞ ወጣ። መጀመሪያው ቀዳዳ ጋ ደረሰ፤ ተደፍኗል። ሁለተኛው ጋ ደረሰ፤ ተደፍኗል። ሦስተኛው ጋ ደረሰ፤ ተደፍኗል፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፣ የጣት ምልክት አለበት። “ማነው ይህ?” አለ። እየተገረመ እስከ ጫፉ ወረደ። አንዳርጌ ከደጁ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን ከኋላው ደብቋል። ጓንጉል ሊያመሰግነው አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን ገባው። ምንም እንዳላየ ሰው “እንደምን አደርክ” አለውና ሥራውን ቀጠለ።

እሺ፣ አሁንስ ገባችሁ? ዛሬም ድረስ “ፊት የቆመ ይታያል፣ ኋላ የቆመ ያሻግራል” የሚባለው ለዚህ ነው።

ተረቴን ውሰዱ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ!